ፊቴ የሚቀላባቸው እሑዶች

የካቲት 6 ቀን 2017፣ ሐሙስ

ደብተር ያዝ ያለችኝ ዶክተር ሩሃማ ናት። ዕድሜዋ ከልጄ ከኑኃሚን ብዙ አይርቅም፣ ስትቆጣ ግን እንደ እናት ነው። ስቀባው የከረምኩትን የሱቅ ቅባት ከኪሴ አውጥቼ ሳሳያት «ይሄን ማን አዘዘልዎት?» አለች። ማንም አላዘዘልኝም፣ አንዲት ጎረቤቴ ተቀብታ አምሮባት አይቼ ነው አልኳት። «እሷን ያሳመራት የእርስዎን ቆዳ በልቶታል» ብላ እዚያው ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ስተወው መጀመሪያ እንደሚብስብኝም አስጠነቀቀችኝ።

የበሽታዬ ስም ሮዜሺያ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም ይህ ቃል አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ጉንጭና አፍንጫን ያቀላል፣ ያነድዳል፣ ሽፍ ያደርጋል፣ ዓይንን አሸዋ የገባበት ያስመስላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አይገድልምም። «ይድናል?» አልኳት። «አይድንም፤ ግን ይያዛል» አለች። ከዚያ የሚቀሰቅሱትን ዘረዘረችልኝ፦ ፀሐይ፣ በርበሬ፣ ትኩስ መጠጥ፣ ሙቅ ውኃ፣ አልኮል፣ ንዴት። አልኮል አልጠጣም አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጎረምሳ ሳለሁ እንኳ አንድ ጣሳ ጠላ ራሴን ሲፈልጠው ያድር ነበር።

«እንግዲያው የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የሚደርሱበት እርስዎ ነዎት። ፊትዎ ሲነድድ ምን በልተው፣ የት ሆነው፣ ከማን ጋር እንደነበሩ በየቀኑ ይጻፉ።»

የመጨረሻው ምን እንደሚያደርግላት አልገባኝም። ፊቴ ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ምን ያውቃል?

የካቲት 7

ጠዋት ትኩስ ሻይ። ነደደ። ከኮንዶሚኒየም ጠመንጃ ያዥ ማተሚያ ቤቱ ድረስ በእግር፣ ፀሐይ ፊት ለፊት። ነደደ። ምሳ በርበሬ የበዛበት ምስር ወጥ። ነደደ። ስመለስ የታክሲው ረዳት መልሴን ሳይሰጠኝ አወረደኝ፣ ጮኽኩበት። ነደደ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ወጣሁ። ነደደ።

ይሄ ምርመራ አይደለም። መኖሬን ነው የምመዘግበው።

የካቲት 9፣ እሑድ

ኑኃሚን መጣች። እናቷ ፀዲ ካረፈች ወዲህ እሑድ ቀርታ አታውቅም፤ ከገርጂ ድረስ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። ዛሬ ፊቷ በርቷል። የቃለሕይወት ሽማግሌዎች የዛሬ ሳምንት፣ በቅበላው፣ ይመለሳሉ። በጥር መጥተው «እንመካከርበት» ብለን መልሰናቸው ነበር፤ አሁን እሺ እንላለን። ልጁን እወደዋለሁ። ረጋ ያለ ነው፣ ሰው ሲያወራ ስልኩን አያይም።

ስትገባ ሦስቴ ሳመችኝ፣ ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየች። ናፍቄያት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ራቅ ብላ «አባዬ፣ ቀልተሃል» አለች። ፀሐይ ነው አልኳት። በእርግጥ ከቤት አልወጣሁም ነበር። ምናልባት ሻዩ ይሆናል፤ አብርጄው ነበር የጠጣሁት፣ ግን በቂ አልበረደም መሰለኝ። እስክትሄድ ድረስ ነደደኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ከምድር ቤት እትዬ ወለተሰንበት ዳማከሴ ይዘው መጡ። «ምች ነው! ስምህን ስጠራ በርህን አትዘጋብኝ!» እያሉ ገቡ። የፈላ ውኃ ላይ ዳማከሴውን በትነው፣ ጋቢ ደፍተው አጠኑኝ። እንቢ ማለት ነበረብኝ፤ እንፋሎት ክፉ እንደሆነ ዶክተሯ ነግራኛለች። ግን ሰባት ልጅ ያሳደገች ሴት ስታዝህ ማን እንቢ ይላል? ከጋቢው ስወጣ ፊቴ ፍም ሆኗል። «በሽታው እየወጣ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው።

ወጣ ሲሉ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ከጠየቀህ ምች ነው በል። ሌላ ነገር እንዳትል። ሴት ልጅ ሊድር የተነሣ ሰው ፊቱ ላይ በሽታ አይወጣበትም» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን እኅቴ ሀረገወይን ትዝ አለችኝ። አገር ቤት፣ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሽማግሌ መጥቶ፣ ቃል ታስሮ፣ ድግስ ተጠንስሶ ነበር። ከዚያ የሙሽራው ወገን ዘር ሲቆጥር አጎታችን ጣት የለውም የሚል ወሬ ሰማ። አጎታችን በሕፃንነቱ እሳት ውስጥ ወድቆ ነው፤ እኛ እንላለን፣ ማን ይሰማል? «ሥጋ ደዌ አለባቸው» ተባለና ነገሩ ፈረሰ። ሀረገወይን አባቴ ቤት ሸበተች። የአጎቴን እጅ የበላው እሳት የእሷንም ዕድሜ በላው። ስትሞት ማንም ባሏ ሆኖ አላለቀሰም።

ለኑኃሚን በሽታውን አልነግራትም። ሰርጉ ይለፍ።

የካቲት 16፣ እሑድ

አለፈ። እሺ ተባለ። ሰርጉ ሚያዝያ 26።

አራት ሽማግሌዎች፣ ታናሽ ወንድሜ ዘነበ፣ እኔ፣ ኩሽና ውስጥ ሴቶቹ። የኔ ሳሎን ስድስት ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። መስኮት ልከፍት ስል ዘነበ «ሽማግሌ ብርድ ይመታል» አለኝ። ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ባለቤቱ ካልበላ እንግዳ አይበላምና በላሁ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ጆሮዬ ድረስ ሲቀጣጠል ታወቀኝ።

ዘነበ ያመጣውን ውስኪ ከፍቼ ልቀዳላቸው ተነሣሁ። አንደኛው ብርጭቆውን በእጁ ሸፈነ። ሁለተኛውም ሸፈነ። አራቱም። ጾም ሳይገባ ምነው ብዬ፣ ጨዋ ልምሰል ብዬ፣ ጠርሙሱን ይዤ በየተራ ለመንኩ። «አንድ ብቻ! ለልጆቹ ደስታ!» የመጨረሻው ሽማግሌ ፊቴን ትክ ብሎ አይቶ «እኛ ይቅርብን፣ እርስዎ ይጠጡ» አለ። እኔም አልጠጣሁ፣ ጠርሙሱን ቁምሳጥኑ ላይ መለስኩት። ዘነበ ብቻ ሁለት ቀዳ።

ኑኃሚን ከኩሽና በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ያኔ ነው ይበልጥ የነደደኝ። ሙቀቱ ይሆናል፤ በሩ አጠገብ ምድጃ አለ።

የካቲት 18

ዘነበ ደወለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «የልጅቷ አባት ከእኛ ቀድሞ ቀምሶ ነው የጠበቀን» ብሏል አሉ። ዘነበ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እስኪያልቅ አንድ ገጽ ሙሉ ሳላርም አሳልፌያለሁ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዶክተሯ ይብሳል ያለችው እውነት ሆነ። ቅባቱን ከተውኩ ወዲህ አፍንጫዬ አብጧል፣ ጉንጬ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ወጥቷል።

ጠረጴዛዬን ከማሽኑ ክፍል አርቄ ኮሪደር ላይ አወጣሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ረሻድ አብሮ ተሸከመልኝ። እሱ ረመዳን ላይ ነው፣ እኔ ሁዳዴ ላይ፤ ምሳ ሰዓት ሁለታችንም ስራ ፈት ሆነን ተቀመጥን። «ጋሽ ኃይሌ፣ ዘንድሮ ደግሞ ከእኔ በላይ ጾመኛ ሆኑ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሻይ ተውኩ። በርበሬ ተውኩ። በእግር መሄድ ተውኩ። በሙቅ ውኃ መታጠብ ተውኩ። ማታ ማታ ግቢው አግዳሚ ላይ ከጎረቤት ጋር መከራከር ነበር ደስታዬ፣ ክርክር ፊቴን ስለሚያነድደው እሱንም ተውኩ። ሰው ሁሉ «ምን ሆነ?» ይላል። ምን እንደሆንኩ እንዳይሉ ብዬ ስተው፣ ምን ሆነ አስባልኩ።

የካቲት 30፣ እሑድ

እንደሆነው ልጻፈው።

ኑኃሚን ስትገባ ሳመችኝ። ሳትቀመጥ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትቆጣ» አለች።

«ከተቆጣሁ ትሸሻለሽ። ጠይቂ።»

«የቃሌ አክስት ስለ ፊትህ ሰምታ፣ በዘራቸው በሽታ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ቃሌ ስቆባታል፣ የድሮ ሰው ናት...»

ከዚህ በኋላ ያለችውን ለጥቂት ጊዜ አልሰማሁም። ሀረገወይን አባቴ ደጃፍ ላይ ጥጥ ስትፈትል ነው የታየችኝ። ስመለስ ኑኃሚን እጄን ይዛ «እኔን ያስጨነቀኝ እሱ አይደለም» ትላለች። «እየጠጣህ ነው? ብትጠጣ አልፈርድብህም። እማዬ ከሄደች ብቻህን ነህ። ግን እውነቱን ንገረኝ።»

ፊቴ ሲነድድ ይታወቀኛል። እሷም ታየዋለች። የሆነ ነገር መሆን አለብኝ፤ በሽተኛ ወይም ጠጪ። በሽታ የዘር ነው፤ እሷ ላይ ያርፋል፣ ነገ በልጆቿ ላይ ያርፋል። ስካር ግን የአንድ ሰው ነው፤ ከእኔ አያልፍም።

«አዎ» አልኳት። «ማታ ማታ፣ ትንሽ።»

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ የምታለቅስበትን ነገር ሳላደርግ። ስትሰናበተኝ ሦስቴ ሳመችኝ፣ ሦስተኛው ላይ ቆየች፣ በአፍንጫዋም ሳብ አደረገች። ለካ ባለፉት እሑዶችም ታሸተኝ ኖሯል። እኔ ናፍቆት ነው ብዬ ነበር።

መጋቢት 3

ጥሩ አደረግሁ። ሰርጉ ይጸናል፤ ሌላው ምን ቁም ነገር አለው?

ውስኪው ቁምሳጥኑ ላይ ዘነበ እንደተወው አለ። እሑድ ስትመጣ እንደዚያው ሞልቶ ብታየው ውሸቴ ይነቃል ብዬ ጥቂት መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። መስኮት ከፍቼ ቆምኩ። እትዬ ወለተሰንበት ከታች ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያሰጡ ቀና ብለው አዩኝ፣ አፍንጫቸውንም በነጠላቸው ያዙ። ጥሩ አደረግሁ።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ዶክተሯ ዘንድ። ደብተሩን ላሳያት አፈርኩ፤ የነደደኝን ቀንና የበላሁትን ብቻ ገልብጬ ሰጠኋት። አነበበች፣ በእርሳስ ምልክት አደረገች። «ሻይ የጠጡበት ቀን ትንሽ ቀልቷል። ፀሐይ ያለበት ቀን ትንሽ። ከሁሉ የሚብሰው ግን እሑድ ነው። እሑድ እሑድ ምን አለ?»

«ከልደታ ማርያም ስመለስ ፀሐይ ነው።»

«ሰኞ ፀሐይ የለም?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። «ጭንቀትም፣ እፍረትም ይቀሰቅሰዋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ከበርበሬ ይበልጣል» አለች። የሚቀባ ጄልና ኪኒን ጻፈችልኝ። «ቤተሰብ አለዎት?» አለች። ልጅ አለችኝ፣ ልድራት ነው አልኳት። እንኳን ደስ አለዎት፣ በሽታውን ታውቃለች ወይ አለችኝ። «ታውቃለች» አልኩ። ውሸት ለመደብኝ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ቃለሕይወት አብሯት መጣ። ብርቱካን ይዞልኛል። ኑኃሚን ሆን ብላ ኩሽና ገባች፣ እሱም ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«አባባ፣ ይህን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው። ሙሌ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሹፌሩ ሰክሮ ነበር፤ ሲያወርዱት መቆም አልቻለም። ከዚያ ወዲህ አባዬ መጠጥ ባለበት አይቀመጡም። ሽማግሌዎቹን ሲልኩም ብርጭቆ እንዳይነኩ አስምለው ነው የላኳቸው።»

እኔም ጠርሙስ ይዤ «አንድ ብቻ» ብያቸዋለሁ። ፊቴ ቀልቶ። «ለልጆቹ ደስታ» ብዬ።

«እኔ አልፈርድብዎትም» አለ። «ግን አባቴ፣ አቶ ሀብተ ማርያም፣ እንደ እኔ አያዩትም። ልጃቸውን ቀብረዋል።» ይህን ሲል ዓይኑ ቁምሳጥኑ ላይ ዐረፈ። ጠርሙሱ እዚያ ነበር፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። እሑድ ከመምጣቷ በፊት እየደፋሁ ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቅላት ነው።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አልቻልኩም፣ ለረሻድ ነገርኩት። ማሽኑን አጥፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ጋሽ ኃይሌ፣ ሰው ያልጠጣውን ጠጣሁ ይላል?»

«ለልጄ ብዬ ነው።»

«ልጅዎ ምን አለች? ቃለሕይወት አክስቱን ሳቀባት አላለችም? የሳቀ ሰው ሰርግ ያፈርሳል? የፈሩት እኮ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሰዎችን ነው፤ እነሱ ሞተዋል።»

ተናደድኩበት። በኋላ ግን ሲወጣ ጠርቼው «እሑድ እነግራታለሁ» አልኩት። «ዒዳችን ነው፣ ዱዓ አደርግልዎታለሁ» አለኝ።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ነገርኳት። ሁሉንም። የዶክተሯን፣ የሮዜሺያን፣ የሀረገወይንን፣ የውስኪውን። ጄሉን አምጥቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ።

ኑኃሚን ጄሉን አገላበጠች። ስልኳን አወጣች፣ ስሙን ጻፈች፣ አነበበች። ተስፋ አደረግሁ። እስከ ዛሬ የተስፋ ዓረፍተ ነገር እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩም፤ ይኸውና፣ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረች።

«አባዬ፣ እዚህም እኮ መጠጥ ያባብሰዋል ይላል።»

«ይላል፤ እኔ ግን አልጠጣም።»

«ባለፈው አዎ አልከኝ።»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ጠርሙሱስ?»

«ደፋሁት አልኩሽ እኮ።»

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ዶክተሯን ላገናኝሽ፣ እሷን ጠይቂ» አልኳት።

«ለዶክተሯ ምን አልካት? እጠጣለሁ አልካት?»

«አልጠጣም ነው ያልኳት።»

«አየህ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ቢሮ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አለ፣ አባቱ እንደዚህ ነበር። አንድ ቀን ያምናል፣ አንድ ቀን ይክዳል። ካድክ ብዬ አልጣላህም፣ አባዬ። ሁሉም እንደዚያ ነው።» ከዚያ ግንባሬን ሳመች። ፊቴ እንደ ምጣድ ግሎ ነበርና ከንፈሯን ቶሎ አነሣች።

የእጄን ነው ያገኘሁት። ያን አንዲት «አዎ» ባልል ኖሮ። ሰውን ለማሳመን ውሸት አንድ ቃል በቃው፤ እውነት ግን ይህን ያህል ቃል ፈጅቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዘነበ መጣ። ወንበር ላይ ሳይቀመጥ በፊት ገባኝ።

«ኑኃሚን ራሷ ልትነግርህ አልቻለችም። በሰርጉ ዕለት በአባት ቦታ እኔ እንድቆም ለመነችኝ። አቶ ሀብተ ማርያም የሚያዩት ነገር እንዳይኖር። ለአንተም ይሻላል፣ ወንድሜ፤ የአንድ ቀን ነገር ነው።»

ዘነበ ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ቢራ ሳያወርድ የማይመሽለት ሰው ነው። ግን ጠይም ነው፤ ፊቱ ምስጢር ያውቃል። የኔ ቀይ ፊት ነው ያለሥራው የሚቀባጥር። ወጣት ሳለሁ ቀይ ነው እያሉ ሲያደንቁኝ እኮራ ነበር።

«ሰው የት ሄደ ቢል?» አልኩት።

«ታመመ እንላለን።»

ይሄኔ ሳቅ አመለጠኝ። ታመመ እንዳይባል ብዬ ነበር ሁሉን ያደረግሁት። ዘነበ ስስቅ ጊዜ ወደ ቁምሳጥኑ አየ።

እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አባት ነኝ። ብሄድ ግን ፊቴ እዚያ መቅላቱ አይቀርም፣ አቶ ሀብተ ማርያም ልጃቸውን የገደለባቸውን ሹፌር በእኔ ውስጥ ማየታቸው አይቀርም፣ ኑኃሚንም ቬሏን ለብሳ ዓይኗን ከፊቴ ላይ መንቀል አትችልም። «እሺ በላት» አልኩት።

ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

እንኳን አደረሰህ ብላ ደወለች። እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት። የዘንድሮውን ፋሲካ እሷ ዘነበ ቤት ነው የምትውለው። እኔ ቤቴ ብቻዬን አልጫ በላሁ። አልነደደኝም።

ሚያዝያ 21

ኑኃሚን በሰርጉ ሩጫ ሳቢያ መምጣት ካቆመች ሰንብታለች። ፊቴ እየለሰለሰ ነው። ሽፍታው ጠፋ፣ የአፍንጫዬ እብጠት ወረደ። ትናንት በፀሐይ ያለ ጃንጥላ ሄድኩ፣ ምንም። ዛሬ ትኩስ ሻይ ጠጣሁ፣ ምንም። ረሻድ «ማሻአላህ፣ ዳኑ» አለኝ።

ዶክተሯ የሚቀሰቅሰውን ይወቁና ይራቁት ነበር ያለችኝ። አላውቀውም። ኪኒኑ ነው የሠራው፣ ጄሉም ረድቷል። ሌላ ምንም የለም።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ

ዛሬ ልጄ አገባች።

ጠዋት ተነሥቼ ተላጨሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ለሰርጉ ያሰፋሁትን ሱፍ ለበስኩ፣ ክራባቴን አሰርኩ። መስታወት ፊት ቆምኩ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፊት ከፀዲ ሞት ወዲህ አይቼ አላውቅም። አንድ ነጥብ ቅላት የለውም። አሥር ሽማግሌ ፊት፣ አቶ ሀብተ ማርያም ፊት ሊቆም የሚችል ፊት ነው። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ላይ በልደታ በኩል መኪኖች ክላክስ እየነፉ አለፉ። የእኛ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የእኛ ሰርግ በቦሌ ነው። ቢሆንም መስኮት ላይ ወጥቼ አጨበጨብኩ። እትዬ ወለተሰንበት ከግቢው ቀና ብለው «መጠጡን ጀመረው» ሲሉ ሰማሁ፤ አጠገባቸው ለነበረችው ሴት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባሁ። ዘነበ በስልኩ ፎቶ ላከልኝ፤ ኑኃሚን ክንዱን ይዛ ትገባለች። ቆንጆ ናት። እናቷን ትመስላለች። በፎቶው ውስጥ ሁሉም ስቀዋል፣ አቶ ሀብተ ማርያምም ጭምር፣ እኔ ባለመኖሬ ነው ደስ ያላቸው አልልም፣ ብቻ ስቀዋል። ክፉኛ አለቀስኩ። አልነደደኝም።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ሙሽሮቹ መጡ። ዘነበ ቤት ከተደረገው የመልስ ድግስ የተረፈ ኬክ ይዘዋል። በሩን ስከፍት ኑኃሚን ልትስመኝ እጇን ዘርግታ መሃል ላይ ቆመች።

«አባዬ! ፊትህ!»

በሁለት መዳፏ ጉንጬን ያዘችው። ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ ቃለሕይወትን ጠርታ አሳየችው። «እየው፣ እየው! ተመለሰ እኮ!» ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተውከው፣ አይደል? ይህን ሁሉ ሳምንት ሳስብህ ነበር፤ ብቻውን ትቼው የባሰ ይጠጣል ስል። አንተ ግን ለኔ ብለህ ተውከው።»

አልጠጣሁም ነበር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንዴት ብዬ? ፊቴ ራሱ ምስክር ሆኖባታል። ስቀላ ይጠጣል፣ ስነጣ ተወ። ደስታዋን ደግሞ አየሁት፤ ከየካቲት ጀምሮ አላየሁትም ነበር።

«ተውኩት» አልኳት።

ቃለሕይወት ጨበጠኝ፣ አቀፈኝም። «ለአባዬ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ሰው ሲመለስ ይወዳሉ። አንድ እሑድ ይዣቸው እመጣለሁ፣ አባባ፣ በዓይናቸው ይዩ» አለ። ኑኃሚን ግን እጄን አለቀቀችም። ግድግዳው ላይ ወዳለው የእናቷ ፎቶ ወሰደችኝ።

«ማልልኝ» አለች። «ሁለተኛ እንዳትነካው። በእማዬ አጥንት።»

«ኑኃሚን፣ ይሄ ምን ያደርጋል...»

«በእማዬ አጥንት፣ አባዬ። ከዚያ በኋላ አላሸትህም፣ አልጠይቅህም። ፊትህን አይቼ ብቻ አምንሃለሁ።»

ፀዲ ከፎቶው ታየኛለች። ፀዲ፣ በሕይወቴ አንድም ቀን ሰክሬ አይተሽኝ አታውቂም። ቀኝ እጄን አነሣሁና ማልኩ።

ሦስቴ ሳመችኝ፣ ሦስተኛው ላይ አልቆየችም። እሑድ እንገናኝ ብላ፣ እየሳቀች ደረጃውን ወረደች።

አሁን በሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ከቀኝ ጉንጬ ጀምሯል፤ ወደ አፍንጫዬ እየሄደ ነው። ቀዝቃዛ ፎጣ ጣል አድርጌበታለሁ፣ አልበረደም። እሑድ ይመጣሉ፤ ይህ በሽታ የሚድን አይደለም። ኑኃሚን በሩ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች፣ አባቴ የእናቴን አጥንት ረግጦ ጠጣ ትላለች።